የእናቴ የንፍሮ ውሃ

ከበራችን ላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ሁለት ሐይቅ ይታየዋል። በግራ በኩል ጭቃ የመሰለው አባያ፣ በቀኝ በኩል ሰማይ የመሰለው ጫሞ። ከገደሉ ሥር ደግሞ፣ ጫካው ውስጥ፣ ከተማችን ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ይንፎለፎላሉ። ይህን ሁሉ ውሃ ከእግራችን ሥር አንጥፎ ሲያበቃ ለእኛ ሰፈር ሽምብራ የማያበስል ውሃ የመደበልን አምላክ ቀልድ ይወዳል እላለሁ። እናቴ እንዲህ ስል ከሰማችኝ "አፍሽን ያዥ!" ትለኛለች። ቀልዱ የገባት ግን ከእኔ በፊት ነው።

ሰፈራችን ከላይኛው ከተማ፣ ከሴቻ፣ ወጣ ብሎ የተሠራ የማኅበር ቤቶች መንደር ነው። ነዋሪው ግማሹ ከደጋ የወረደ የጋሞ ሰው ነው፤ ግማሹ ደግሞ እንደ ወላጆቼ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ። እናቴ ከጎጃም የመጣችው አስተማሪውን አባቴን ተከትላ ነው። አባቴ ሲሞት ዘመዶቿ ነይ ወደ አገርሽ አሏት፤ "ጎረቤቶቼን ለማን ጥዬ?" ብላ ቀረች። እኔ የማኅበር ቤት ሲደርሰኝ ከድሮው ሰፈሯ፣ ከድሮው እድሯና የምንጭ ውሃ ከሚወርድበት ከድሮው ቧንቧዋ ነቅዬ አመጣኋት። ይህንን እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች።

ስንገባ ሰፈሩ ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር አልነበረም። በአህያ ጋሪ የሚመጣውን እየተሻማን ነበር የምንቀዳው። ያኔ ነው ከአጥራችን ማዶ ካሉት ሰውዬ ጋር የተዋወቅነው። ከጨንቻ የወረዱ፣ ከግብርና ቢሮ በጡረታ የወጡ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። ገና ሰፈሩ ሳይደራ የእድሩ ዳኛ አድርገን መረጥናቸው። አንዲት የእጅ ጋሪ ነበረቻቸው፤ ውሃ በመጣ ቁጥር በእሷ ጀሪካን እየገፉ መጀመሪያ እናቴ በር ላይ ያቆማሉ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው።

"ለባልቴት ይቅደም" ይላሉ።

እናቴ ጀሪካኑን ተቀብላ፣ አመስግና፣ በሩን ከዘጋች በኋላ "ባልቴት እናቱ!" ትላለች። ጠላትነት ሳይሆን ጎረቤትነት የጀመረው እንዲህ ነበር።

ዳኛው ያለ ውሃ መኖር አንገሸገሻቸውና ሰፈሩን ወክለው ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። ጫማ ጨረሱ፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበባቸው። በመጨረሻ ከመንደሩ በላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ መስመር ተዘረጋልን። በምረቃው ቀን ከአንድ ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ፣ ቆሎና ለስላሳ ታደለ። ዳኛው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድተው በሰው ሁሉ ፊት ግጥም አድርገው ጠጡና ብርጭቆውን ወደ ላይ አነሱት።

"ወተት ነው!" አሉ።

ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል ብያለሁ። እናቴ ብቻ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ አሸተተችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። "እኔ አባይን አይቼ ነው ምንጭ የማመሰግነው" አለችኝ በጆሮዬ። "ይሄ ምንጭ አይደለም።"

ወተቱ ጠባዩን ማሳየት የጀመረው ብዙ ሳይቆይ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ጋገረ። ብርጭቆ ታጥቦ ሲደርቅ ያልታጠበ ይመስላል፤ እንግዳ ሲመጣ "ታጥቧል እኮ" ብዬ መማል ሥራዬ ሆነ። ሳሙና አረፋ መሥራቱን ትቶ እንደ እርጎ ይቆራረጥ ጀመር። ፀጉሬ መጥረጊያ ሆነ። የሻወሩ ቀዳዳ በነጭ ነገር ተደፍኖ ውሃው እንደ ሽማግሌ ሽንት በሦስት አቅጣጫ ይንጠባጠባል፤ በመርፌ እየወጋን ነው የምንከፍተው። ይህን ሁሉ እናቴ ቻለችው። ያልቻለችው ሽምብራውን ነው።

እናቴ በድሮው ሰፈራችን ንፍሮ በመቀቀል የታወቀች ሴት ናት። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄስ ቢሆንም ሁለተኛዋ እሷ ነበረች። ከቀብር የሚመለስ ሰው እጁን ታጥቦ የሚዘግነው ስንዴና ሽምብራ እንዴት መላላት እንዳለበት፣ ሳይፈርስ እንዴት እንደሚበስል፣ ልክ እንደ ዳዊት በቃሏ ታውቀዋለች። አሁን ይህች ሴት አንድ የጾም ቀን ሽምብራ ጥዳ ከጠዋት እስከ ማታ ጠበቀች፤ ሽምብራው ሲጣድ እንደነበረው ነው። ነጋዴውን ረግማ ሌላ ነጋዴ ያዘች። ከሰሉን ጠረጠረች። ድስቱን ቀየረች። ከዚያ ታች ሲቀላ ካለችው አክስቴ ቤት የምንጩን ውሃ በጀሪካን አስመጣችኝና፣ ከአንድ ከረጢት የወጣ ሽምብራ በሁለት ድስት፣ አንዱን በምንጩ ሌላውን በሰፈሩ ውሃ፣ ጎን ለጎን ጣደችው። የምንጩ ሲላላ የሰፈሩ ጣት አልበሳውም። ከሁለቱም አንድ አንድ ጭልፋ በሳህን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች።

"ይቅመሱ" አለቻቸው ዳኛውን።

ቀመሱ። ከሁለተኛው ሳህን አንዲቷን ሽምብራ ከጉንጫቸው ወደ ጉንጫቸው ሲያዟዙሯት አየሁ።

"ይሄ እኮ ካልሲየም ነው፣ እትዬ" አሉ በመጨረሻ። "ለአጥንት ጥሩ ነው።"

"አጥንቴንማ መች አጠነከረልኝ! ያጠነከረው ሽምብራዬን ነው።"

"ውሃው ወተት ነው ብያለሁ።"

"ወተትማ ወተት ነው። ማንቆርቆሪያዬ ላይ ቅቤውን አውጥቷል!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው አቶ ወተት ሆኖ ቀረ። እሳቸውም አጸፋውን አልረሱም፤ በየማለዳው ከአጥሩ ማዶ "ወይዘሮ ሽምብራ! ዛሬስ በሰለ?" ይላሉ። ደጃችን ድረስ ሀላኮ እያመጣች የምትሸጥልን የጋሞ ሴት፣ እኛ ሽፈራው የምንለውን ቅጠል ማለት ነው፣ አንድ ቀን ክርክሩን ሰምታ ለእናቴ መሰከረችላት። "እውነትሽ ነው፣ እትዬ። ይሄ ውሃ ክፉ ነች። ሀላኮም እንቢ አለች።" ዳኛው ግን በአገራቸው ልጅ ምስክርነት እንኳ አልተረቱም።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው ያበቃው ሰፈራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ነው።

የሞቱት በመንገዱ ጫፍ የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። የእድሩ ሴቶች እናቴን የድስቱ ኃላፊ አደረጓት። እሷም "ከሲቀላ ውሃ ይምጣ" አለች። ዳኛው እንቢ አሉ። ሰፈሩ የራሱ ውሃ እያለው ከታች ጭኖ መምጣት መንደሩን ማዋረድ ነው አሉ፤ ብዙው ሰው ደገፋቸው። አንዷ ሶዳ ይጨመርበት ብትል እናቴ በዓይኗ ገደለቻት። ሶዳ የነካው ሽምብራ ቆዳው ተገፎ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ እሷ ደግሞ ለሟች ሳሙና አታበላም። ስለዚህ በወተቱ ተቀቀለ። ማገዶው እንደ ጉድ ነደደ፣ እናቴ ከጭሱ ሥር አልተነሳችም፣ ላቧና እንባዋ ተደባለቀ።

ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ ንፍሮው ታደለ። ድንኳኑ ውስጥ የተሰማውን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። የሰው ሁሉ መንጋጋ ገለባ ቤት እንደገባ ፈረስ ይንኮሻኮሻል። ማልቀስ የፈለገ ሰው እንኳ አፉ ውስጥ ያለችውን ሽምብራ መጨረስ አቅቶት ዝም አለ። ስንዴውን እየለቀሙ ሽምብራውን ወንበር ሥር የሚጥሉ ነበሩ፤ አንድ ትልቅ ሰው ሲነሱ ረግጠውት ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ። ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩት። ከሲቀላ የመጣ አንድ እንግዳ ግን ሳይጎስር፣ ጮክ ብሎ፣ "እነዚህ ሰዎች ጠጠር ነው እንዴ የሚያበሉን?" አለ።

ዓይን ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። ዳኛው ተነሱ። የምትጠብቀው እውነቱን እንዲናገሩ ነበር፤ እኔም ይናገራሉ ብዬ ነበር።

"ይቅርታ አድርጉልን" አሉ። "የውሃ ጉዳይ አይደለም። ማገዶው ነው። እሳቱ በደንብ አልተያዘም።"

እሳቱን የያዘችው እናቴ ናት። ሁሉም ያውቃል።

ቤት ስንገባ የጠቆረ እጇን እንኳ ሳትታጠብ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ወርቅ ላበደረ ጠጠር" አለች በመጨረሻ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሬሳ ስትሸኝበት የኖረችው ስሟ በአንዲት ቃል፣ በማገዶ፣ ሄደባት። አጥሩን ዘልዬ ሰውዬውን ማንቆርቆሪያውን ልጋብዛቸው ቃጣኝ።

ከዚያ ወዲያ ነው እናቴ እቅዷን ያወጣችው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሦስት ቢጫ ጀሪካኖች አሰልፋ ክዳናቸውን በጨርቅ አሰረች።

"እኔ ስሞት ንፍሮዬ በዚህ በምንጩ ውሃ ይቀቀል" አለችኝ። "ያ ሰውዬ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ቅቤ የላላ ሽምብራ ይዘግናል። ያን ጊዜ ውሃው እንደሆነ፣ እኔ እንዳልሆንሁ፣ አገር ያውቃል። ያን ጊዜ ይፈር!"

"አንቺ እኮ ያኔ አታይውም" አልኳት።

"ባላየውስ? ካሸነፍሁ አይበቃኝም?"

ክርክር ለመርታት ሞቷን የቀጠረች ሴት ከእናቴ በቀር አላውቅም። ውሃ ሲቆይ ይሸታልና ወር በገባ ቁጥር አሮጌው ለልብስ ማጠቢያ ይወጣል፤ እኔ ባዶውን ይዤ በባጃጅ ወደ ሲቀላ ወርጄ፣ ከአክስቴ ቧንቧ ሞልቼ እመለሳለሁ። መንግሥት በቧንቧ ሽቅብ ያልገፋልንን ውሃ እኔ በባጃጅ ሽቅብ እገፋለሁ። አንድ ቀን ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት በጨርቅ የታሰሩትን ጀሪካኖች አይታ ጸበል መሰላት። ተሳልማ፣ ሳታስፈቅድ አንድ ኩባያ ጠጣች። በማግስቱ ወገቤን ለቀቀኝ ብላ ለሰፈሩ አወራች። እኔ እውነቱን ልናገር ስል እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ስለ ሞቷ ዝግጅት ሰፈር ከሚያወራ ጸበል መባሉ ይሻላል አለች። ሆድ ይፍጀው ተባብለን ዘጋነው።

ከዳኛው ጋር የነበራት ኩርፊያ ግን አልዘለቀም። እሳቸው ጡረተኛ፣ እሷ ባሏ የሞተባት፣ ሁለቱም ሌላ ተከራካሪ አልነበራቸውም። ፋሲካ አልፎ ዝናቡ ሲጀምር "ወይዘሮ ሽምብራ፣ በሰለ?" የሚለው ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ተመለሰ። "ለአቶ ወተት ጥርስ አይሆንም!" አለች እናቴ፤ ከመስኮቱ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ብቻ አንዲት ነገር ትጠብቅ ነበር። በድንኳን ፊት ያሉትን በድንኳን ፊት እንዲመልሱላት። እሳቸው አላነሱትም፤ እሷም ለምና አታውቅም።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው መስኮቱን ከፍታ ድምፃቸውን ስትጠብቅ የሰማነው የሚስታቸውን እሪታ ነው። ዳኛው ሲነጋ ከእንቅልፋቸው አልተነሱም።

እናቴ በባዶ እግሯ ሮጣ አጥሩን ያዘችው። "ቀደመኝ!" አለች። "ውይ፣ ቀደመኝ! ቀደመኝ!" ሴቶቹ ይህን ሰምተው አብረው አለቀሱ። እኔ መሞት ሲገባኝ እሱ ቀደመኝ ማለቷ መሰላቸው። እኔ ብቻ ምን ማለቷ እንደሆነ ስለገባኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

ቀብሩ ዘመድ ከጨንቻ እስኪወርድ ለማግስቱ ሆነ። የእድሩ ሴቶች ድስቱን ለማን እንደሚሰጡ ሲንሾካሾኩ እናቴ ተነሳች።

"የእሳቸውን ንፍሮ የምቀቅለው እኔ ነኝ" አለች።

ሚስትየው ቀና ብለው አዩዋት። ያለፈውን ድንኳን ያሰቡ ይመስለኛል። ግን በሐዘን ቤት እንቢ አይባልም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ።

ቤት ገብታ ወደ ዕቃ ቤቱ ስታመራ ነገሩ ገባኝ። በሩ ላይ ቆምኩባት።

"በጭራሽ!" አልኩ። "በራሳቸው ወተት ይቀቀልላቸው! ያ ሁሉ የደጋ ሰው ጠጠር ሲቆረጥም ያን ጊዜ እውነቱ ይወጣል። ስምሽም ይመለሳል።"

"ዞር በይ።"

"ይሄ እኮ የአንቺ ነው። ለአንቺ ነው ያስቀመጥነው።"

"ከጨንቻ ድረስ የመጣ ዘመዱ 'ውሃ አመጣሁ ሲለን የነበረው ይሄን ነው?' ብሎ ይመለስ? በቀብሩ ቀን?" አለች። ክዳኑ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ትፈታለች። "እኛ ውሃ ባልነበረን ጊዜ በሬ ላይ የምትቆመው የማን ጋሪ ነበረች? ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ። ያዢ፣ በዚያ በኩል አንሺ።"

አነሳሁ። እየተነጫነጭኩ፣ ግን አነሳሁ። ማታውኑ ሽምብራውን በምንጩ ውሃ ዘፈዘፈችው፤ ጠዋት በምንጩ ውሃ ጣደችው። ለለቅሶ ከየቤቱ ውሃ በቢጫ ጀሪካን ስለሚመጣ ማንም የማን ጀሪካን ከየት እንደተቀዳ አላየም። እኔ ማገዶ ስጨምር እሷ እንደ ድሮዋ ጭልፋውን ይዛ ከድስቱ በላይ ቆማለች። አንዲት ሽምብራ አውጥታ በሁለት ጣቷ ጫን አለቻት፤ ላላች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና አማተበች።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ቡልኮ የደረቡ የጨንቻ ሽማግሌዎች፣ ገሚሶቹ ጥርስ የሌላቸው፣ ንፍሮውን ዘግነው ዘግነው በሉት። መንኮሻኮሽ የለም። የሰው አፍ ነፃ ስለነበር ልቅሶውም ደመቀ። ከዚያ ሚስትየው አንዲት ሽምብራ በእጃቸው ይዘው ወደ ላይ አነሷት፤ ልክ ባላቸው በምረቃው ቀን ብርጭቆውን እንዳነሱት።

"ይኸው!" አሉ በለቅሶ ዜማ። "ሲሰድቡት የኖሩት ውሃህ፣ ሲሰድቡት የኖሩት! ዛሬ መሰከረልህ፣ ጌታዬ! ውሃህ መሰከረልህ!"

ድንኳኑ ተላቀሰ። "እውነትም ጥሩ ውሃ ነው" አለ አንዱ። "ሰውዬው ሲናገሩ አልሰማናቸውም እንጂ" አለ ሌላው። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ደግሞ ወደ እናቴ ዘንበል አሉና፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "ታዲያ እትዬ፣ ያኔ ምን ነክቶት ነው እንደዚያ የሆነው?" አሏት።

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ከነጠላዋ ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ፣ ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስናገር ትቆነጥጠኝ እንደነበረው።

"ያኔማ ማገዶው ነው" አለች። "እሳቱን እኔ ነኝ በደንብ ያልያዝሁት።"

ባዶዎቹን ጀሪካኖች ይዘን ተመለስን። ግቢ ስንገባ ወደ ቧንቧው ሄደች። ከተመረቀ ጀምሮ አንድም ቀን ሳታፈላ ጠጥታው አታውቅም። ብርጭቆ አስመጥታኝ ከፈተችው፤ የቀዳችው ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ጠራ። ሳትተነፍስ ጨለጠችው። ከዚያ ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ አጥሩ ዞረች።

"ወተት አይደለም!" አለች ጮክ ብላ።

መልስ ጠበቀች። ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው።